አሥራ ሰባተኛው ቀዳዳ

ማንኪያው ወለሉ ላይ ሁለቴ ነጠረና አልጋው ሥር ገባ። የመምህርቷ አባት እጃቸውን አዩት እንጂ ማንኪያውን አላዩትም። መምህርቷ ተንበርክካ ከአሮጌ ካርቶኖቹ መሃል ፈልጋ አወጣችው፣ አለቅልቃ ሳህናቸው ጠርዝ ላይ መልሳ አስቀመጠችላቸውና ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ስለ ዳቦ ማውራት ጀመረች። የዳቦው ዋጋ ያው ነው፣ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት ይከሳል፤ ባለሱቁ ሲጠየቅ «ዳቦውስ ያው ነው፣ ያንቺ እጅ ነው የሰፋው» ይላታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባቷ በዚህ ይስቁ ነበር። ከሰኞ ወዲህ ለሦስተኛ ጊዜ ስለወደቀባቸው ዛሬ አልሳቁም። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ዕቃ እየጣሉ ያስተማሩ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ክፍል ሲገቡ ገና ሰላምታ ሳይሰጡ አንድ ጠመኔ ከፍ አድርገው ይለቁና «ማን ጣለው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። «ስበት!» ይላል ስልሳ ተማሪ ባንድ ድምፅ። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ የተነሳ እናት አባት ያወጡላቸው ስም ተረስቶ «ጋሼ ስበት» ሆነው ቀሩ፤ ደብዳቤ እንኳ በዚሁ ስም መጥቶላቸው ያውቃል። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ከመታቸው ወዲህ ግን ዕቃው ራሱ ነው ሳያስፈቅዳቸው የሚወድቀው፤ ማን ጣለው ብሎ የሚጠይቅም የለም።

ቤቱ አንድ ክፍል ተኩል ነው፤ ሙሉው የአባቷ፣ ግማሹ የእሷ። ሙሉው ክፍል ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛና አንድ እግሩ በታጠፈ ወረቀት የተደገፈ ቁም ሣጥን አለ። ከቁም ሣጥኑ በር ላይ ከእሁድ ጀምሮ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ተሰቅሏል፣ የብል መድኃኒቱ ሽታ እንዲለቀው። አርብ ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራውን በእሳቸው ስም ሊሰይም ነው። ቤተ ሙከራ ሲባል ደግሞ ብዙ አይጠበቅ፤ ሁለት ሚዛን፣ አንድ የማይዞር መዘውር፣ አንድ ተስቦ የቀረ ሞላ ነው ያለው፣ ከሁሉም ደህና የሚሠራው የበሩ ቁልፍ ነው። ቢሆንም ስም ስም ነው። አባቷ በየጠዋቱ «አርብ ስንት ቀን ቀረው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ እሷም ትመልሳለች፤ ዛሬ ሁለት ቀን ነው። እሷ እዚያው ትምህርት ቤት ያንኑ ትምህርት ታስተምራለች። ያሳደጋትም ያስተማራትም አንድ ሰው በመሆኑ፣ ክፍል ውስጥ «እርስዎ» ስትል ውላ ማታ ቤት ስትገባ «አንተ» እያለች ነው ያደገችው። አባትና ልጅ አንድ ሙያ ይዘው ስለ ሙያቸው ግን አያወሩም። ስለ ዳቦ፣ ስለ ኪኒን፣ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ያወራሉ። ጎረቤቶቻቸው ይሄንን ጨዋነት ይሉታል። እሷም ጨዋነት እንዳልሆነ እያወቀች፣ የቀኑን ኪኒን በብርጭቆ ክዳን ላይ ቆጥራ አስቀመጠችላቸውና ወጣች።

ዕለቱ የውጤት መዝጊያ ነው። ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ መዝገቡ ወደ ሬከርድ ቢሮ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚከፍቱት ፈጣሪና ርዕሰ መምህሩ ብቻ ናቸው፣ ርዕሰ መምህሩም ለመክፈት ይሰንፋሉ። መምህራን ክፍል ውስጥ ሁሉም ወረቀት ላይ ተደፍቷል። የፊዚክስ እርማት ግን ቀላል ነው፤ ለአርባ ጥያቄ አንድ ካርቶን አለች። አባቷ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ከጫማ ሣጥን ቆርጠው፣ አርባ ቦታ በጋለ ምስማር በስተው የሠሯት ናት። ጀርባዋ ላይ የጫማው ቁጥር እስከ ዛሬ ይነበባል። ካርቶኗ የተማሪው መልስ ወረቀት ላይ ትደረባለች፣ በቀዳዳው ውስጥ የጠቆረ ሣጥን ከታየ ልክ ነው፣ ነጭ ከታየ ስህተት ነው፣ የጠቆረውን ቆጥሮ መጻፍ ብቻ ነው። ጥያቄዎቹም በእነዚህ ዓመታት ተቀይረው አያውቁም፤ ከፈተና በኋላ አንድ በአንድ ተቆጥረው ይሰበሰባሉና መውጫ የላቸውም። ሌላ የትምህርት ክፍል በየዓመቱ ፈተና ሲያወጣ ራሱን ሲያዞር ፊዚክስ ሻይውን ይጠጣል። ሁሉም ጋሼ ስበትን የሚያመሰግነው በዚህ ነው።

በሩ ላይ አንዲት ተማሪ ቆማ ነበር። ጓደኞቿ «ጡቤ» ነው የሚሏት። እናቷ ሕንፃ ሥራ ላይ ሲሚንቶ ትሸከማለች፤ እሷም ቅዳሜና እሁድ፣ ፈተናው ካለቀ ወዲህ ደግሞ በየቀኑ፣ እዚያው ጡብ ትቀበላለች። ጥፍሮቿ ሥር የገባው ግራጫ ነገር በፈተና ቀን እንኳ አይለቅም። ከፎርማኑ አንድ ሰዓት ለምና ነው የመጣችው። መምህርቷ የመጣችበትን ነገር ሳትጠይቃት አወቀችው፤ የልጅቷ የፈተናና የክፍል ሥራ ድምር ከመቶ አርባ ዘጠኝ ነው። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ክፍሉን ስትደግም ሁለተኛ ዓመቷ ስለሆነ ካላለፈች ትሰናበታለች፣ የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው። ፎርማኑ ደግሞ ለእናትየዋ፣ ወገብሽ አልቋል፣ ከሰኞ ጀምሮ ልጅሽ ቀኑን ሙሉ ትግባ፣ ያለዚያ ሁለታችሁንም አልፈልግም ብሏታል። ይሄን ሁሉ መምህርቷ የሰማችው ከሌላ ተማሪ ነው። ልጅቷ ራሷ ስለ ፎርማን አልተናገረችም።

«ቲቸር፣ ነጥብ ልለምን አይደለም የመጣሁት» አለች። «አሥራ ሰባተኛው ለምን ኤክስ እንደሆነብኝ ልጠይቅ ነው።»

አሥራ ሰባተኛውን መምህርቷ ወረቀት ሳታይ በቃሏ ታውቀዋለች። ኳስ በቀጥታ ወደ ላይ ይወረወራል፤ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ደርሶ ለቅጽበት ሲቆም ምን ኃይል ያርፍበታል? «ለ» የሚለው ምርጫ፣ ወደ ታች የሚስበው ስበት ብቻ፣ ይላል። «ሐ» ደግሞ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ስለተመጣጠነ ድምሩ ዜሮ ነው፣ ይላል። ካርቶኗ ላይ የተበሳው ሐ ነው። ልጅቷ ያጠቆረችው ለ ነው። መምህርቷ በየዓመቱ የምትለውን ደገመች፤ የቆመ ነገር ላይ ኃይሎች ይመጣጠናሉ፣ ኳሱ ቆሟል፣ ደብተርሽም ላይ አለ።

«አለ» አለች ልጅቷ። «አጥንቼዋለሁም። ግን ቲቸር፣ ከተመጣጠነ ለምን ይመለሳል? እዛው ቆሞ አይቀርም ነበር? እኛ ጋ ጡቡን ከታች ወደ እኔ ይወረውሩታል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፤ ያኔ ነው የሚያዘው፣ ምንም አይከብድም። ትንሽ ከዘገየሁ ግን ተመልሶ ታች ያለው ሰውዬ ላይ ነው። ቆመ ብዬ ተዘናግቼ አላውቅም።»

መምህርቷ አፈረች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና ሂጂ፣ አየዋለሁ አለቻት። ልጅቷ ትክክል እንደሆነች የምታውቀው ዛሬ አይደለም። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ይህንኑ ጥያቄ ተጠይቃ በሙሉ ልብ «ሐ» ስትል አስተማሪው ጠመኔ ወደ ላይ ወርውሮ፣ እንግዲህ እዚያው ይቅርልሻ፣ ብሎ ክፍሉን አስቆባት ነበር። በዚያው እረፍት ለአባቷ ልትነግራቸው ቆርጣ መጣች። አባቷ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ሄደው ሻንጣዋን ተሸክመው፣ ላገኙት ሁሉ «ፊዚክስ ናት የምታጠናው» ሲሉ አገኘቻቸው። ማታ እነግራቸዋለሁ አለች። ከዚያ ነገ አለች። ከዚያ ተቀጠረችና ካርቶኗ እጇ ላይ ገባች። የዚያን ጊዜ አንድ ስሌት ሠራች፤ እውነቱን ካስተማረች ሁሉም ተማሪ አንድ ነጥብ ያጣል፣ ውሸቱን ካስተማረች ማንም አያጣም። ስለዚህ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው «ጫፍ ላይ ይመጣጠናሉ» ብላ ታስጽፋለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ የእሷ ግን ከነቀዘ ቆይቷል። ከደብተሩ ይልቅ እጇን የምታምን ልጅ ትመጣለች ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

የፊዚክስ ክፍል ተጠሪው ጠረጴዛ ከአባቷ ፎቶግራፍ ሥር ነው። ሰውየው የአባቷ ተማሪ ነበር፤ በጋሼ ቁንጥጫ ነው ሰው የሆንኩት ይላል፣ ሲልም ጆሮውን ይነካል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ደክሞታል እንጂ። አራት ክፍል ያስተምራል፣ ማታ ደግሞ ሌላ ቦታ ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ ዓይኑ በራሱ ይከደናል። ነገሩን ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከክፍል ሥራ ላይ አንድ ነጥብ ጨምረን እንገላገል እንዳይል የክፍል ሥራው ባለፈው ሳምንት ታሽጎ ገብቷል። ለአንድ ልጅ ቀዳዳ የሚቀይር ደግሞ ለሁለት መቶ አርባ ልጅ መቀየሩ ነው። ከዚያም ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባውና ቀና ብሎ ፎቶግራፉን አየ።

«አርብ ስማቸውን በር ላይ ልሰቅል፣ ረቡዕ ተሳስተዋል ልበል?» አለ። «ደግሞ አንቺ ራስሽ ሐ ብለሽ አይደለም ያስተማርሻቸው?»

ነው አለችው። ተጠሪው ካርቶኗን ፖስታ ውስጥ ከትቶ አቀበላት፤ ፈተናው የጋሼ ነው አለ፣ ጋሼ በፊርማቸው ተሳስቻለሁ ካሉ እሱ ማን ነው የሚከለክለው፣ ካላሉ ግን አስር ሰዓት ላይ ይዘጋዋል። ከሃያ ስድስት ዓመት ወዲህ ካርቶኗ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። መምህርቷ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር አድርጋ እንደ ሌባ ወጣች።

ለሁለት ፌርማታ ታክሲ መያዝ ብክነት ነው ብላ በእግሯ ነው የምትመላለሰው፤ ዛሬም ልማድ ሆኖባት በእግሯ ሄደች፣ ከሄደችም በኋላ ሰዓቷን አይታ ተጸጸተች። መንገዱ በሕንፃው ሥራ በኩል ያልፋል። ዓመት ሙሉ በዚህ ስታልፍ አፍንጫዋን ከአቧራው ሸፍና ነበር የምታልፈው። አሁን ቆመች። ታች አንድ ሰው ሁለት እጁን ከጉልበቱ ጀምሮ እያነሳ ጡብ ይወረውራል፣ ሲወረውር ትንሽ እህ የሚል ድምፅ ከጉሮሮው ይወጣል። ላይ፣ የእንጨት መወጣጫው ላይ፣ ጡቤ ቆማለች። ጡቡ ሽቅብ ሲነሳ ይፈጥናል፣ እየወጣ ሲሄድ እየሰነፈ፣ እየሰነፈ ሄዶ ከልጅቷ ደረት ፊት ሲደርስ ቀጥ ይላል። ያኔ ሁለት መዳፏ ከግራና ከቀኝ ይመጣል። አትጎትተውም፣ አትገፋውም፤ የቆመ ዕቃ ከመደርደሪያ እንደሚያነሳ ሰው አንስታ ጎኗ ትደረድረዋለች፣ በዚያው ቅጽበት ሌላው ተነስቷል። መምህርቷ አሥራ አንድ ቆጠረች። በአሥራ ሁለተኛው ልጅቷ ላብ ዓይኗ ገብቶ ነው መሰል በትንሹ ዘገየች። ጡቡ ጣቷን ነክቶ ወደ መጣበት ተመለሰ። ታች ያለው ሰውዬ የለመደው ነውና ዘወር አለለት። ጡቡ መሬት ላይ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ፎርማኑ ከጥላው ሥር ሆኖ ሰደባት። ልጅቷ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ እጆቿን ዘረጋች፣ የሚቀጥለው መጣ። መምህርቷ ከዚህ ይበልጥ መቆም አልቻለችም።

ቤት ስትደርስ አባቷ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በግራ እጃቸው የኮቱን ቁልፎች እየቆለፉና እየፈቱ ይለማመዱ ነበር። አርብ ሰው ፊት እንዳይቸገሩ ነው። ሦስተኛው ቁልፍ እምቢ ይላቸዋል። በዚህ ሰዓት ለምን መጣሽ ብለው አልጠየቁም፣ ወንበሩን በዓይናቸው አሳዩዋት። ተቀመጠች። ከፖስታው ካርቶኗን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ በኪኒኑ ክዳንና በውኃው ብርጭቆ መሃል አኖረቻት። ምን ብላ እንደምትጀምር መንገዱን ሙሉ ስታውጠነጥን ነበር፤ ስለ ልጅቷ ልጀምር፣ ስለ ጡቡ ልጀምር፣ ወይስ በቀጥታ ልናገር እያለች። አፏን ስትከፍት የወጣው የክፍሉ አነጋገር ነበር፤ «እርስዎ» አለችና ቆመች። አባቷ ካርቶኗን አላነሷትም። ከላይ ወደ ታች በዓይናቸው ወረዱባት፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«አሥራ ሰባት ነው?» አሉ።

ጎረቤት ልብስ እየታጠበ ነበር፣ የውኃው ድምፅ በግድግዳው ይሰማል። አንድ ዝንብ ኪኒኑ ላይ አርፎ ተነሳ። ስታስበው አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ተሸክማው የኖረችው ነገር አንድ ሰው ብቻ የሚሸከመው አልነበረም፤ ሁለቱም አንዱን ዕቃ በሁለት ጫፍ ይዘው፣ እያንዳንዳቸው ሌላው አይቶታል ብለው ሳያስቡ፣ አንድ ክፍል ተኩል ውስጥ ኖረዋል። ተናደደች። በማን እንደተናደደች ግን አልለየችውም።

አባቷ መናገር ሲጀምሩ ወደ ልብሱ እያዩ ነው የተናገሩት። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ከመጨረሻው ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ጋሼ፣ ከተመጣጠነ ለምን ይመለሳል አለ። ክፍሉ ሳቀ፣ እሳቸው ግን ልጁ የሚቀልድባቸው መሰላቸውና ውጣ አሉት። ልጁ ደብተሩን ሰብስቦ ተነሳ።

«ከበሩ ሳይወጣ ገባኝ» አሉ። «ሦስት እርምጃ ነበር የቀረው። ና ተመለስ እንዳልለው ስልሳ ልጅ እያየኝ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።»

በሚቀጥለው ዓመት አስተካክለዋለሁ ብለው ነበር። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ አሉ። ከዚያ ወጡና ካርቶኗ ለእሷ ተላለፈች፤ ኮሌጅ የገባች ናት፣ ሳታውቀው አትቀርም፣ አንድ ቀን መጥታ ትነግረኛለች ብለው ጠበቁ። «በየዓመቱ በፈተና ሰሞን ማታ ስትገቢ ፊትሽን አይ ነበር» አሏት። «ዘንድሮ ትናገራለች እያልኩ።» መምህርቷ፣ እንዳያፍሩ ብዬ ነው ዝም ያልኩት ለማለት ፈለገች፣ ግን እውነት ቢሆንም ሙሉው እውነት እንዳልሆነ ስለገባት ዋጠችው። ይልቅስ ስለ ጡቤ ነገረቻቸው፤ ስለ አርባ ዘጠኙ፣ ስለ ሰኞ፣ ስለ ፎርማኑ፣ ጡቡ ደረቷ ፊት እንዴት እንደሚቆም። አባቷ ስለ ጡቡ ሁለቴ አስደገሟት። መዳፏን ከላይ ነው ወይስ ከጎን የምታመጣው ብለው ጠየቁ። ከጎን አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምስማር አምጪ» አሉ።

ምስማሩን በምድጃው እሳት አጋለችው። እሳቸው በደህናው በግራ እጃቸው ካርቶኗን ጠረጴዛው ላይ ተጭነው ያዙላት፣ እሷ በጨርቅ ጠቅልላ የያዘችውን ምስማር «ለ» ላይ አሳረፈች። ካርቶኑ አሮጌ ስለሆነ ወዲያው ተቃጥሎ ተበሳ፣ ክፍሉ የተቃጠለ ወረቀት ሸተተ። የድሮውን ቀዳዳ ከመድኃኒት ሣጥናቸው ባወጡት የቁስል ፕላስተር እንድትለጥፈው አዘዟት። ከዚያ ወረቀት አውጥታ የሚሉትን ጻፈች። ስህተቱ የአዘጋጁ ነው ብላ ስትጽፍ አስቆሟት፤ አዘጋጁ ማን ነው፣ የእኔ ነው በዪ አሉ። ሰርዛ የእኔ ነው ብላ ጻፈች። ቀጥለው፣ ዘንድሮ ሐ ያሉት ያስተማርናቸውን ነው የመለሱት፣ ከእነሱ አይቀነስ፣ ሁለቱም ይያዝ፣ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ግን ለ ብቻ ይሁን ብለው አስጻፏት። ቀኝ እጃቸው እስክሪብቶ አይዝም። በግራ እጃቸው ለመፈረም ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው፣ ፊርማው መጻፍ የጀመረ ሕፃን የጻፈው ይመስል ነበር። መምህርቷ ልታግዛቸው እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበች።

ስትመለስ ታክሲ ያዘች። ዘጠኝ ተኩል ላይ ደረሰች። ተጠሪው ወረቀቱን አነበበ፣ ካርቶኗን ወደ መስኮቱ አንስቶ በፕላስተሩና በአዲሱ ቀዳዳ በኩል ብርሃኑን አየ። የተማሪዎቹን ወረቀት ግማሹን ወደ እሷ ገፋና አብረው ማየት ጀመሩ፣ አሥራ ሰባተኛዋን ብቻ። ሐ፣ ሐ፣ ሐ፣ ባዶ፣ ሐ። ከሁለት መቶ አርባው ወረቀት በአዲሱ ቀዳዳ ጥቁር የታየባቸው ሦስት ናቸው። የጡቤ ላይ ሲደርሱ ተጠሪው አርባ ዘጠኙን ሰርዞ ሃምሳ ጻፈ፣ አጠገቡም ፈረመ። መዝገቡን ዘግቶ ሲነሳ፣ እኔም በጊዜዬ ሐ ነበር ያልኩት፣ መቶ ከመቶ ነው ያገኘሁት አለ። ይሄን ሲል ጆሮውን አልነካም።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ሕንፃው ጋ ቆማ ተጣራች። ጡቤ አልዞረችም፣ አየር ላይ ጡብ ነበረ። የያዘችውን ይዛ፣ ታች ላለው ሰውዬ እጇን አንስታ አስቆመችውና ነው ወደ መንገዱ ያየችው።

«ልክ ነሽ» አለቻት።

«አውቃለሁ ቲቸር» አለች ልጅቷ ከላይ። «አለፍኩ ወይ?»

አለፍሽ አለቻት። ጡቤ አልዘለለችም፣ አልጮኸችም። በመወጣጫው ወዲያ ጫፍ ወደ ጎበጠችው እናቷ ዞራ አንድ ቃል ተናገረች፤ እናትየዋ የሲሚንቶውን ባልዲ መሬት አስቀምጣ ወገቧን ይዛ ቀና አለች፣ ወደ መንገዱም አይታ ለመምህርቷ አንገቷን ዝቅ አደረገች። መምህርቷ ይህ ምስጋና አልተገባትም ነበርና ወዲያው ሄደች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እራት አቀረበች። አባቷ አልበሉም። ልጅቷስ አሉ። ሃምሳ፣ አልፋለች አለቻቸው። ጥሩ አሉ። ስንት ሰው ለ ብሎ ነበር ብለው ጠየቁ። ሦስት አለች፣ ካለች በኋላ ባልነገርኳቸው ብላ ተጸጸተች። የአባቷ ከንፈር ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። ሲያባዙ እንዲህ እንደሚያደርጉ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፣ ወረቀት አይፈልጉም።

«ሰባ ስምንት» አሉ።

ሃያ ስድስቱም ዓመት ሦስት ሦስት ነው ማለት አይደለም፣ አንዳንድ ዓመት አንድም ላይኖር ይችላል፣ ሁሉም ደግሞ በአንድ ነጥብ የሚወድቅ አይደለም ልትላቸው ፈልጋ ነበር። እሳቸው ይሄን እንደማያጡት አሰበች። ማንኪያቸው ሳህኑ ውስጥ እንደ ነበረ ነው። ተነስታ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች፣ የተሰቀለውን ልብስ ከነመስቀያው አንስታ እጅጌውን ማጠፍ ጀመረች። አርብ እዚያ ሰው ሁሉ ፊት ቆመው እንዳይታዩ፣ አሟቸው ነው ትበል ወይስ ሌላ ምን ትበል እያለች ታስብ ነበር።

«ተይው» አሉ አባቷ። «እሄዳለሁ። ነገ ከትምህርት ቤት አንድ ጠመኔ ይዘሽልኝ ነይ።»

መምህርቷ ልብሱን እንደያዘች ዞረች። ጠመኔ ለመጣል እንደሆነ እጃቸው አሁንም አያንስም፣ ብላ በልቧ አሰበች፣ አሰበችና በሐሳቧ አዘነች። አባቷ ፊቷን አይተው ያሰበችውን አወቁት።

«የሚጣል አይደለም» አሉ። «ወደ ላይ የሚወረወር ነው።»

ሁለቱም የአባትየውን ቀኝ እጅ አዩት። ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቶ፣ ማንም ሳያዝዘው በትንሹ ይንቀጠቀጣል። መወርወሩን በግራቸው ይወረውሩ ይሆናል፤ ከላይ ሲመለስ ግን ማን ይይዘዋል? መምህርቷ ልብሱን መልሳ ሰቀለችው፣ ቀጥ እንዲል ትከሻውን በእጇ ዳበሰችው። ጥያቄውን አልጠየቀችም፣ እሳቸው ናቸው የመለሱላት።

«ያቺን ልጅ ጥሪልኝ» አሉ። «እሷ መያዝ ታውቃለች።»